የሀጂራ ጣውንት

ሽቶ ሻጯን ሀጂራን በአራዳ ገበያ የማያውቃት አልነበረም። አሪቲው፣ አደሱ፣ የጽጌረዳ ውሃው፣ ዝባዱ፣ ኩሉና እንሶስላው ሁሉ ከእሷ ዘንድ ይገኛል። ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከጅቡቲ በኩል በየጊዜው አዲስ ሽታ ይመጣል፤ ሀጂራ ሁሉንም ለይታ ታውቃለች። አንዲት ሴት ከፊቷ ስታልፍ ጠጉሯን በምን ቅቤ እንደተቀባች፣ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣች፣ ባሏ አገር ውስጥ ይኑር አይኑር በአፍንጫዋ ትናገራለች ይባል ነበር። የመጨረሻዋን እንኳ የአራዳ ልጆች ናቸው የጨመሩባት። እሷ ግን አላስተባበለችም፤ ለገበያዋ ይጠቅማታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ናት አንድ ቀን የባሏን ኮት ልትሰቅል ስታነሳ የማታውቀው ሽታ የገጠማት።

ሽቶ አይደለም። ቅቤም አይደለም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል፣ ግን ኮምጣጤ ብቻ አይደለም፤ ከስሩ እርጥብ ብረት የመሰለ ነገር አለበት። ደግማ አሸተተችው። ባሏ እንድሪስ በአንድ የፈረንጅ የቆዳ ንግድ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ ማታ ሲገባ የሚሸተው ጨውና ቆዳ ነው። በተጋቡ ሰሞን ያን ሽታ ትጠላው ነበር፣ በኋላ ለመደችው፣ ከዚያ ደግሞ ሰውየው በሩን ከመግፋቱ በፊት መምጣቱን የምታውቅበት ሆነ። አሁን ቆዳው ከኮቱ ላይ ጠፍቷል።

"ያረቢ፣ ይሄ ሰው የት ነው የሚውለው?" አለች ለብቻዋ።

ሀጂራ ተጠራጣሪ ናት ብሎ የሚፈርድባት ካለ መጀመሪያ የእሷን ኑሮ ይኑር። ሁለቱም የወሎ ሰዎች ናቸው፤ ገና ሙሽሮች ሳሉ ነው ከደሴ በኩል ወደ ሸዋ የመጡት። እንድሪስ ከጅቡቲ ነጋዴዎች ፈረንሳይኛ ለቃቅሞ፣ ያን ይዞ ንግድ ቤቱ ገባ፤ ከመጋዘን ተነስቶ የጌትየው ቀኝ እጅ ሆነ፤ ቆዳውን የሚመርጥ እሱ፣ ለገዢው የሚያስተረጉም እሱ። ኮትና ጫማ ለበሰ። ሰፈሩ ሁሉ "የንግድ ቤቱ እንድሪስ" ሲለው ሀጂራ አንገቷ ይረዝም ነበር። አንድ ልጅም ወለዱ፣ አብዱልሰላም የሚባል። ቆሞ መሄድ ሳይጀምር የኅዳር በሽታ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሀጂራ አልወለደችም። ስሙም በቤቱ ውስጥ እንዳይነሳ አዘዘች፤ ሲነሳ አትችልም ነበርና። ልቅሶው እንኳ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ሁለቱም ዝም ብለው ሥራቸውን ያዙ።

የእንድሪስ ዘመዶች ግን ከወሎ በመጡ ቁጥር እሷ እየሰማች "ልጅ ያስፈልግሃል፣ ሃይማኖቱ እንደሆነ ይፈቅድልሃል" ይሉታል። እንድሪስ ይስቅና ወሬ ይቀይራል። ሀጂራ አትስቅም። ያ የማታውቀው ሽታ ከኮቱ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ወደ ልቧ የመጣው አንድ ቃል ነው፤ ጣውንት።

ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ማስረጃ ራሱ እየተራመደ ይመጣለታል። በሳምንቱ የእንድሪስን ጣቶች አየች። ጫፋቸው ጠቁሯል፣ ጥፍሮቹ ሥር ቡናማ ቀለም ገብቷል። እንሶስላና ሂና የምትሸጥ ሴት ናት፤ የሙሽራ ጣት ምን እንደሚመስል ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? እሱ ራሱ በሠርጋቸው ሰሞን እንዲህ ነበር የሆነው።

"ጣትህን ምን ነካው?" አለችው።

"የቆዳ ቀለም ነው።"

"ካልለፋ ቆዳ ላይ ምን ቀለም አለ?"

እንድሪስ እጁን ከጋቢው ሥር ከተተው። "አንዳንዱ አለው" አለና ራት ይቅረብ አለ። ራቱን አቀረበች። እሱ ሲበላ እሷ ጣቱን ስታይ አመሹ። የሱሪው ጫፍ ላይ ደግሞ ጭጎጎት ተለጥፎበታል፤ ከአራዳ መጋዘን ውስጥ ጭጎጎት አይበቅልም።

የቀረውን ዘውዲ አመጣችው። ዘውዲ የሀጂራ ደንበኛ ናት፤ አደስ ትገዛለች፣ ወሬ ትሸጣለች፣ ሁለቱንም በአንድ ቁና። ያን ቀን ከፊቷ ቁጭ ብላ አደሱን ስትመርጥ፣ እንደ ዋዛ፣ "ያንቺ ሰው ሥራውን ከለቀቀ ወዲህ ደህና ነው?" አለቻት።

ሀጂራ ኩሉን የምትቋጥርበት ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። አንስታ አራገፈችው። "ደህና ነው" አለች፣ ፊቷን ሳታጠቁር። ገበያ ውስጥ ፊት ማጥቆር ዕቃን መጣል ማለት ነው።

"እኔማ ስላየሁት ነው። ጉለሌ ማዶ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ለንግሥ ሄጄ፣ ከደኑ ውስጥ ብቅ አለ። ጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ሣጥን ታቅፏል። ሰው አየኝ አላየኝ እያለ እንደ ሌባ ነው የሚሄደው። እስላም ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደን ምን አለው ብዬ ገርሞኝ ነው እንጂ ሌላ ክፋት የለኝም።"

"ታዲያ ወዴት ሄደ?"

"እሱንማ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት! ስከተለው ወደ አራዳ ወርዶ በዚያ በአርመኑ ፎቶ ቤት በጓሮ በር ገባ። ደግሞ የአንድ ቀን ብቻ እንዳይመስልሽ።" ዘውዲ አደሷን ቋጥራ ተነሳች። "አይዞሽ፣ ወንድ ነው።"

ሀጂራ ያን ቀን ለመጣው ሁሉ ዝባድ ሲጠይቃት የጽጌረዳ ውሃ ስትሰጥ ዋለች። ሣጥኑ ጥሎሽ ነው። ጥሎሹን ለክርስቲያን ሴት ነው የሚወስደው፤ ምናልባትም ሊጠመቅላት ነው። ሥራውን የለቀቀው ደግሞ ንግድ ቤቱ ውስጥ የሚያውቃት ሰው እንዳያጋልጠው ነው። ሁሉም ነገር እንደ ተቆጠረ ዶቃ ገጠመላት።

ማታ እንድሪስ ኮቱን ለብሶ ሲገባ ፈተነችው። "ዛሬ ቆዳው ከየት መጣ?"

"ከጅማ" አለ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ውሸቱ እንዲህ ቀላል ሆኖ መውጣቱ ነው ያቃጠላት። በማግስቱ ወደ ወንድሟ ወደ ኢስሃቅ ሄደች። ኢስሃቅ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን ከአራዳ አውራ መንገድ ዳር ዘርግቶ ይሰፋል፤ ከተማው ውስጥ የሚወጣ ቀልድ ሁሉ እሱ ጋ ተቀዶ እሱ ጋ ይሰፋል። እህቱ ስታለቅስ ግን አልቀለደም።

"ወንድም ዓለም፣ አፋታኝ።"

"ሐሙስ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ የሰፈሩን ሼህ ይዤ እመጣለሁ" አላት። "አንቺ ግን በእጅሽ የጨበጥሽው ነገር ይኑር። ሽታ ሸተተኝ ብለሽ ሼሁ ፊት እንዳታዋርጂኝ።"

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሀጂራ ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ፎቶ ቤቱ ጓሮ ሄዳ ቆመች። ፎቶ ቤቱ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወርዱ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ቫርታን የሚባሉ አርመን ናቸው፣ ሰው ሁሉ እንደ ፈረንጅ «ሙሴ» ይላቸዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከመኖራቸው ብዛት አማርኛቸው ከተወላጅ አይለይም። ብዙም ሳትቆይ እንድሪስ ሣጥኑን ታቅፎ፣ ሱሪው በጭጎጎት ተሞልቶ፣ እያለከለከ ደረሰና በጓሮ በር ገባ። ሀጂራ ጆሮዋን ከቆርቆሮው አስጠጋች።

"እህስ፣ ዛሬስ?" አሉ ቫርታን።

"ዛሬ አነሳኋት!" አለ እንድሪስ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሀጂራ ከሠርጋቸው ወዲህ ከባሏ አፍ ሰምታ አታውቅም። "ስንት ጊዜ ስታመልጠኝ ከርማ፣ ዛሬ ዝም ብላ ቁጭ አለችልኝ!"

"ብቻዋን?"

"ከነልጇ እንጂ ሙሴ! ጡት እያጠባችው። እሷ ጥቁር፣ ልጇ ነጭ በነጭ። ሲያየኝ ጡቷን ለቀቀና አፍጥጦ ቀረ።"

"ልጁን ካገኘህማ ሁሉንም አገኘህ።"

"በሉ አሁን ገብቼ አጥባታለሁ። እርስዎ ሰው እንዳይገባብኝ በሩን ይጠብቁልኝ።"

ሀጂራ ጆሮዋን ከቆርቆሮው አነሳች። ልጅ! ልጅ አላት! ነጭ ልጅ ደግሞ የማን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አያሻም፤ አርመኑ ከአንዷ ወልዶ የሀጂራን ባል አሸክሞታል ማለት ነው። እንድሪስም ተሸክሟል፣ ልጅ እስከሆነ ድረስ የማንም ይሁን ብሎ። ከሁሉ በላይ ግን አንዲቱ ቃል አንገበገበቻት። አጥባታለሁ! እሷን በትዳር ሲኖሩ አንድ ቀን እግሯን እንኳ አጥቧት የማያውቅ ሰው!

ዛሬ እንኳን አራዳ፣ ገጠር ያለ ሰው ሁሉ ፎቶ "ይነሳል"፣ ፎቶ "ይታጠባል" ሲባል ግር አይለውም። ያን ጊዜ ግን ይሄ የፎቶ ቤት ሰዎች አነጋገር ነበር፤ ሀጂራ የምታውቀው ማንሳትና ማጠብ ሌላ ነው።

ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃ በፊት በር ገባች። ቫርታን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እመቤቴ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ሴትዮዋን አውጡልኝ።"

"የትኛዋን ሴትዮ?"

"እንድሪስ የሚያጥባትን!"

ቫርታን አፋቸው ተከፈተ፤ ወደ ጓዳው በር ተመለከቱ፤ ያ መመልከታቸው በቃት። በሩን ልትገፋ ስትል ከውስጥ የባሏ ድምፅ መጣ፣ በድንጋጤ። "ሀጂራ? ሀጂራ ነሽ? በአላህ ይዤሻለሁ በሩን እንዳትከፍቺው! ትጠፋለች!"

"የት አባቷ ትጠፋለች!" ብላ በትከሻዋ በረገደችው።

ውስጡ ከጓዳ የጠበበ ክፍል ነው። ቀይ መስተዋት የተከደነባት ፋኖስ ትበራለች። ጠረጴዛ ላይ ውሃ የተሞላ ገበቴ በተርታ ተቀምጧል፤ እንድሪስ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጣቶቹን አንዱ ውስጥ ነክሮ፣ ከኋላዋ የገባው የቀን ብርሃን ፊቱን መትቶት እንደ ድንጋይ ቆሟል። ሴት የለችም። ሀጂራ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ አየች። መጋረጃውን ገለጠች፤ ከጀርባው ግድግዳ ነው። ሌላ በር የለም። ከኮቱ ላይ ያገኘችው ያ የማታውቀው ሽታ ግን ክፍሉን ሞልቶታል፤ ከገበቴው ነው የሚወጣው።

እንድሪስ ከውሃው ውስጥ አንዲት የመስተዋት ቁራጭ አወጣ። ውሃው እየተንጠባጠበ መስተዋቷ በዓይናቸው ፊት ጥቁር ብቻ ሆነች።

"ነበረች" አለ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሀጂራ ልትጮህ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ባሏ ሲሸነፍ አይታ ታውቃለች፣ እንዲህ ሲሆን ግን አላየችም። ቫርታን ከበሩ ላይ ሆነው የጠፋው መስተዋቷ ላይ የነበረው ፎቶ መሆኑን፣ ብርሃን ሲነካው እንደሚበላሽ ሊያስረዷት ሞከሩ። "የማን ፎቶ?" አለች።

"የጉሬዛ" አሉ።

"እኔን ነው የሚያሾፉብኝ?"

ቫርታን እንድሪስ ቀደም ሲል ያነሳቸውን ፎቶዎች ከመሳቢያ አውጥተው ዘረጉላት። ቅጠል ነው። ቅርንጫፍ ነው። አንዱ ላይ ቅጠሉ መሀል አንድ የተዘበራረቀ ነጭ ነገር ይታያል። "ይሄ ጭራዋ ነው" አሏት። ሀጂራ ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን አየችው። ጭራ ሊሆን ይችላል። ነጠላ የጣለች ሴት ዞራ ስትሄድም ሊሆን ይችላል። መለሰችላቸው፤ እሳቸውም ነገሩ የባልና ሚስት መሆኑ ገብቷቸው ወጥተው በሩን ዘጉላቸው።

እንድሪስ ካልጠየቀችው አይናገርም ነበር። "ሥራውን ለምን ለቀቅህ?" አለችው።

"ነጭ ትንሽ ቆዳ መጣ" አለ፣ መስተዋቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ። "የጉሬዛ ቆዳ ስመርጥ ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ ጥቁሩንና ነጩን አውቀዋለሁ። ይሄኛው ግን ሁለመናው ነጭ ነው፣ ይህችን የምታክል። ምንድን ነው ብዬ ያመጣውን አዳኝ ብጠይቀው፣ የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ነጭ ነው፣ እናቱ ስትወድቅ አብሮ ወደቀ አለኝ። ጌትየው አየውና፣ ይሄ የማይረባ ነው ጣለው አለኝ።" መስተዋቷን ገለበጣት። "መጣል አቃተኝ ሀጂራ። ኮቴ ውስጥ ሸሽጌ ወጣሁ። ቀበርኩት። ማግስቱን ቆዳ መንካት እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ በሕይወት ያለች፣ ልጇን የታቀፈች ጉሬዛ ልይ አልኩ። ሌላ ቦታ አዳኝ ጨርሷቸዋል፤ የቀሩት ማንም በማይነካቸው በቤተ ክርስቲያኒቱ ደን ውስጥ ነው። ሙሴ ቫርታን ፎቶ ማንሻ ሣጥኑን ያውሱኛል። ለቤት የማመጣውን የእሳቸውን ደንበኞች እያነሳሁ አገኛለሁ። አውሬዎቹን ግን ለራሴ ነው።"

"ለኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ለምን እንዳለቀስኩ ልትጠይቂኝ ነው። ስሙ አይነሳ ያልሽው አንቺ ነሽ።"

ሀጂራ ግድግዳውን ተደገፈች። አመነችው ቢባል ውሸት ነው፤ እንዲያ ቶሎ የሚያምን ሰው አራዳ ውስጥ አይነግድም። ሊያሳያት ይችል የነበረውን አንዱን ነገር በገዛ ትከሻዋ አጥፍታዋለች፤ ከእንግዲህ ያላት የእሱ ቃል ብቻ ነው። ደግሞ ተቆጣች። አንድ አርመን ያወቀውን እሷ አለማወቋ አንጀቷን አሳረራት። የሸሸገባት ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ትሳደብ ነበር፣ ጠጉር ትነጭ ነበር። እሱ ግን ሲያለቅስ የከረመው በሞተው ልጃቸው ነው፤ ያለ እሷ፣ ብቻውን፣ ጫካ ውስጥ ተደብቆ።

"ተነስ" አለችው መጨረሻ ላይ። "ኢስሃቅ ሼሁን ይዞ ቤት እየጠበቀን ነው።"

እንድሪስ ምን አድርጋ እንደመጣች ያን ጊዜ ገባው።  እሷ ፊት፣ እሱ ኋላ ሆነው በአራዳ መሀል አልፈው ወደ ቤታቸው ወረዱ፤ ዘውዲ ከሩቅ አይታቸው ሰላምታ ስትሰጥ ሀጂራ አልመለሰችም።

ኢስሃቅና ሼሁ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሼሁ ዱዓ አድርገው እንደጨረሱ ኢስሃቅ ጊዜ አላባከነም።

"እንድሪስ፣ እህቴ ሥራ መልቀቅህን ከገበያ ነው የሰማችው። ከቤተ ክርስቲያን ደን ትወጣለህ፣ አርመን ጓሮ ትገባለህ። ሼሁ ባሉበት ንገረን፤ ያቺ ሴት ማን ናት?"

እንድሪስ አፉን ከፈተ። ሀጂራ ምን ሊል እንደሆነ አወቀች፤ ሰውየው ከእንግዲህ መዋሸት ሰልችቶታል። ጉሬዛ ናት ሊል ነው። ኢስሃቅ ደግሞ ወንድሟ ቢሆንም ምላሱን ታውቀዋለች፤ ይህቺን ቀልድ ይዞ መኪናው ላይ ሊቀመጥ አይችልም፣ ያፈነዳዋል። ጀንበር ሳትጠልቅ አራዳ በሙሉ "የጉሬዛ ባል" ይለዋል። ሣጥኑን ታቅፎ በወጣ ቁጥር "አማቾችህን ሰላም በልልን" ይሉታል። ያን ጊዜ እንድሪስ ደኑን ይተወዋል፤ የሚያለቅስበትም ቦታ አይኖረውም።

"ሴት የለችም" አለች ሀጂራ።

ኢስሃቅ ዞረባት። "ምን?"

"የለችም። ፎቶ ማንሳት ነው የሚማረው። ሥራውን ልቀቅ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ታዲያ ከኔ ዘንድ መጥተሽ አፋታኝ ያልሽው ለምንድን ነው?"

"ቅናት ነው። ሴት ሁሉ ይቀናል።"

"አንቺ ልቀቅ ብለሽው ነው መልቀቁን ከገበያ የሰማሽው?"

 ኢስሃቅ ነገር የሚሰፋ ሰው ነው፤ የተሰፋ ውሸት ስፌቱ የት ጋ እንዳለ ያውቃል። ሼሁ እጃቸውን አንስተው ኢስሃቅን ዝም አሰኙትና ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

"ልጄ፣ ባልሽን እንዲህ ያለ ደህና ሥራ ልቀቅ ያልሽው ለምንድን ነው?"

 ሀጂራ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፣ መልሳ አወረደችው።

"አብዱልሰላም ከሞተብን ወዲህ..." አለች፤ እንደገና ጀመረችው። "አብዱልሰላም ከሞተብን ወዲህ ቀኑን ሙሉ የሞተ ነገር ሲያገላብጥ እንዲውል አልፈለግሁም፣ ያ ሼህ። ነፍስ ያለው ነገር ሲያይ ይዋል ብዬ ነው።"

ሼሁ "ኢንና ሊላሂ" ብለው አንገታቸውን ደፉ። ኢስሃቅ እህቱን በጥርጣሬ ማየቱን አላቆመም፤ መዋሸቷን አውቋል፣ የቱ ጋ እንደዋሸች ግን አላገኘውም። እንድሪስ በሩ አጠገብ እንደቆመ ነው። ኮቱን አላወለቀም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሀጂራ አየችው፤ መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም።

"አብዱልሰላም" አለ እሱም።